ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም
ስለ አንድ ጂን፣ ስለ ይፋግና ስለ ሳይንስ ትምህርታችን

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ሙቀትና ስለ ኢነርጂ አስተምረን ስንወጣ አንድ ተማሪ ከበር ጠብቆ አነጋገረን። ትውልዱ በደቡብ ጎንደር፣ ከይፋግ አካባቢ ነው። ጥያቄው ግን ስለ ትምህርቱ አልነበረም። «መምህር፣ እኔና ወንድሜ ያደግነው አንድ ቤት ነው። ከብት ስንጠብቅ የምንተኛው ከአንድ ግራር ሥር ነው። እሱ በካላዛር ታሞ ከሞት አፋፍ ተመለሰ፤ እኔን ግን ምንም አልነካኝም። ለምን ይመስልዎታል?» አለን። እኛም «ይህ የባዮሎጂ ጉዳይ ስለሆነ የባዮሎጂ መምህራንን ብትጠይቅ ይሻላል» ብለን ሸኘነው።

መልሳችን በወቅቱ ትክክለኛ መስሎን ነበር። እያደር ስናስበው ግን ተማሪው ይዞት የመጣው ጥያቄ በዚያ ቀን ካስተማርነው ሁሉ የሚልቅ የሳይንስ ጥያቄ እንደነበረ፣ እኛም በሩን ዘግተን እንደመለስነው ተገነዘብን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ተማሪ ያልሰጠነውን መልስ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ለመስጠት የሚሞክር ነው። መልሱን ፍለጋ ስንሄድም ከይፋግ ገበያ ተነሥተን፣ በሰው ልጅ ሕዋስ ውስጥ ካለ አንድ ጂን ደርሰን፣ በመጨረሻም ወደ ራሳችን የመማሪያ ክፍል ተመልሰናል። አንባቢም ይህን ጉዞ አብሮን እንዲጓዝ እንጋብዛለን።

በሊቦ ከምከም የሆነው

ይፋግ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ ከአዲስ ዘመን ከተማ አቅራቢያ የምትገኝ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። ካላዛር በአገራችን ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው የቆላ በሽታ ተብሎ ነበር። ሰሊጥና ማሽላ ለማጨድ ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሚወርዱ ወጣት የቀን ሠራተኞች ይዘውት ይመለሳሉ እንጂ በዚህ ወይና ደጋ አገር፣ ሰው በገዛ ቀዬው ተቀምጦ ይይዘዋል ብሎ የሚጠረጥር ብዙ አልነበረም። በዚህም ምክንያት በወረዳው ሰዎች ለሳምንታት በትኩሳት ሲማቅቁ፣ ሆዳቸው ሲነፋና ሰውነታቸው ሲመነምን፣ መጀመሪያ ላይ የተገመተው መድኃኒት የማይበግረው ወባ እንደገባ ነበር። በሽታው በትክክለኛ ስሙ የታወቀው በግንቦት 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ነው።

ከዚያ ወዲህ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአካባቢው የሕክምና ማዕከል አቋቁሞ ሕሙማንን ማከም ጀመረ። እስከ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2007 ድረስ የታከሙትን ሰዎች መዝገብ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ከሕሙማኑ 77.6 በመቶ ወንዶች ሲሆኑ የዕድሜያቸው አማካይ መስፈሪያ 18 ዓመት ነበር። ግማሾቹ ከ18 በታች ነበሩ ማለት ነው። ሕክምና ካገኙት መካከል የሞቱት 4 በመቶ ያህል ናቸው። ይህን ቁጥር ስናነብ ልንዘነጋው የማይገባን ነገር ቢኖር ካላዛር ካልታከመ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ታማሚዎች የሚገድል መሆኑን ነው። ወረርሽኙ በ2005 የመጨረሻዎቹ ወራት ከጣሪያ ደርሶ፣ በ2007 ደግሞ ወደ ነዋሪ በሽታነት ተለወጠ።

በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት 171 ታማሚዎችን ከ171 ጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጽሮ፣ ቀን ከግራር ዛፍ ሥር መተኛት፣ ሌሊት ከቤት ውጭ ማደርና ውሻ ማሳደር የመታመምን ዕድል ከፍ እንደሚያደርጉ አሳይቷል። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባለዋ ትንሽ ነፍሳት ስለሆነች ነገሩ አያስገርምም። ተማሪያችን ያነሣው የግራር ጥላ እንግዲህ ከተራ ትዝታ ያለፈ፣ ከጥናቱ ውጤት ጋር የሚገጥም ነገር ነበር። ይሁን እንጂ ጥናቱ የሚነግረን ማን የበለጠ ለንክሻ እንደሚጋለጥ ነው። ተነክሰው ጥገኛው ተሕዋስ ወደ ሰውነታቸው ከገባ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሳይታመሙ እንደሚቀሩ ይታወቃል። ከአንድ ጥላ ሥር ከተኙ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ለምን ተለይቶ ወደቀ ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ከቆዳው ሥር መግባት ያስፈልጋል።

የእሪታው ቅብብሎሽ

በገጠራችን እሳት ሲነሣ ወይም ሌባ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ሰው እሪ ይላል። ማዶ ያለው ሰምቶ ይቀበለዋል፤ ከጋራ ጋራ እየተሻገረ አገሩ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። ሰውነታችንም እንዲህ ያለ ሥርዓት አለው። አዲስ ጠላትን ለይቶ አጥንቶ የተለየ መሣሪያ የሚሠራው የመከላከያ ክፍል ዝግጅቱን ለመጨረስ ቀናት ይፈጅበታል። ከዚያ በፊት በደቂቃዎችና በሰዓታት ውስጥ የሚነሣው፣ ከእኛ ጋር የሚወለደው መከላከያ ነው። ለብዙ ዘመን እንደ ተራ ዘበኛ ተቆጥሮ ችላ ከተባለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ዡል ሆፍማን ከባልደረቦቹ ጋር በዝንቦች፣ በ1998 ደግሞ ብሩስ ቦይትለር በአይጦች ላይ ባደረጓቸው ምርምሮች ምሥጢሩ መገለጥ ጀመረ። ሁለቱም በ2011 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ያገኙት ነገር በሕዋስ ቆዳ ላይ ተተክለው የተሕዋስያንን ልዩ ምልክት የሚያውቁ፣ ቶል መሰል ተቀባዮች የሚባሉትን ፕሮቲኖች የሚመለከት ነው።

እነዚህ ተቀባዮች መጀመሪያ ያየው ሰው ናቸው እንበል። እሪታውን ተቀብሎ ወደ ሕዋሱ ውስጥ የሚያሻግረው ማን ነው? እዚህ ላይ ነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ባለታሪክ የሚመጣው። አይራክ-4 የሚባለው ጂን በ12ኛው ክሮሞዞማችን ላይ ይገኛል። በእርሱ ትእዛዝ የሚሠራው ፕሮቲን 460 አሚኖ አሲዶች ያሉት ካይኔዝ ነው። ካይኔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ሥራቸው፣ ኤቲፒ ከሚባለው የሕዋስ የኢነርጂ ስንቅ ላይ አንድ የፎስፌት ቁራጭ ወስደው በሌላ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ ነው። በሰው ልጅ ውስጥ ከ500 የሚበልጡ የፕሮቲን ካይኔዝ ጂኖች አሉ። ተቀባዩ ጠላትን ሲያይ ማይዲ-88 የሚባል አገናኝ ፕሮቲን ይጠራል፤ እርሱም አይራክ-4ን ይሰበስባል፤ አይራክ-4 ደግሞ አይራክ-1 በሚባለው ዘመዱ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ እንዲህ እየተቀባበለ መልእክቱ ከሕዋሱ አስኳል ሲደርስ የትኩሳትና የብግነት ጂኖች ይነሣሉ።

የፊዚክስ ተማሪ ሆይ፣ ፎስፌት መለጠፍ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። የተለጠፈው ቁራጭ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ ነው። በኩሎም ሕግ መሠረት ይህ ሙል አጠገቡ ያሉትን ተቃራኒ ሙሎች ይስባል፣ ተመሳሳዮቹን ይገፋል፤ በዚህም ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፣ ቅርጹ ሲለወጥም ሥራው ይለወጣል። ከዚህም በላይ በሰውነታችን ሙቀት፣ ማለትም በ310 ኬልቪን ገደማ፣ በሕዋስ ውስጥ አንድ የኤቲፒ ሞሎኪውል ሲሰበር የሚወጣው ኢነርጂ ከተራው የሙቀት ግፊያ ኢነርጂ 20 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ስለሆነም ማብሪያ ማጥፊያው በሞሎኪውሎች የዘፈቀደ ግፊያ ብቻ የመዞር ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው፤ ለማዞር የሚከፈል ዋጋ አለ። «ይህ የባዮሎጂ ጉዳይ ነው» ብለን የሸኘነው ጥያቄ እንግዲህ በዚያው ዕለት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከጻፍነው ቀመር ጋር እንዲህ የተቆራኘ ነበር።

በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር ከእኛ ቤተ ሙከራ ፈንጠር ብሎ፣ ባልደረቦቻችን የፕሮቲን ክሪስታሎችን በኤክስሬይ እየመቱ ቅርጻቸውን ያነብቡ ነበር። ለዓመታት በዚያ በር ስናልፍ አንድም ቀን ገብተን አልጠየቅንም። ማይዲ-88ና የአይራክ ቤተሰብ ፕሮቲኖች እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ተደራርበው አንድ ማማ እንደሚሠሩ እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው በዚሁ በኤክስሬይ ዘዴ ነው። ስድስት ማይዲ-88፣ በላያቸው አራት አይራክ-4፣ በእነርሱም ላይ አራት አይራክ-2 ይቀመጣሉ። ያን መሣሪያ ለዓለም ያበረከተው ፊዚክስ ነው፤ የፊዚክስ ምሩቃኑ እኛ ግን የት እንደሚውል አናውቅም ነበር።

እሪታ ሲታፈን

የአንድ ጂን ጥቅም በጉልህ የሚታወቀው ሲጎድል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሳይንስ መጽሔት ላይ ዝምድና የሌላቸው ሦስት ሕፃናት ታሪክ ታትሞ ነበር። ሦስቱም የአይራክ-4 ጂናቸው የማይሠራ ሆኖ የተወለዱ ናቸው። በሌላው ነገር ጤነኞች ሲሆኑ፣ መግል አምጪ ባክቴሪያዎች ግን እየተመላለሱ ያጠቋቸዋል። እንዲህ ያሉ ሕፃናት ደማቸው በባክቴሪያ እየተወረረ እንኳ ትኩሳታቸው ዘግይቶ ወይም ደክሞ ሊታይ ይችላል፤ እሪታውን የሚያሻግር የለምና። ሐኪም ደርሶላቸው የልጅነትን ዘመን ካለፉ ግን፣ ሌላው የመከላከያ ክፍል እየጎለመሰ ሲሄድ፣ አደጋው እየቀለለላቸው ይመጣል። ትኩሳትን እንደ ጠላት ብቻ ለምናይ ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ትኩሳት የበሽታው ጭስ ነው፤ ጭስ አልታየም ማለትም እሳት የለም ማለት አይደለም።

ሌይሽማኒያ የተባለው የካላዛር ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ጂኑ ሳይጎድል እሪታውን የሚያፍንበት ዘዴ አለው። የሚኖረው፣ የሚያስደንቅ ቢሆንም፣ ተሕዋስያንን ውጦ እንዲፈጭ በተሾመው ማክሮፋጅ በሚባል ሕዋስ ውስጥ ነው። ሌባው የዘበኛውን ቤት ተከራየ እንደ ማለት ነው። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ ጥገኛው የሰውየውን የራሱን ኤስኤችፒ-1 የተባለ ኢንዛይም ያነሣሣል። የዚህ ኢንዛይም ተፈጥሯዊ ሥራ ፎስፌት ማንሣት ነው። ተነሣስቶም ከአይራክ-1 ጋር ይጣበቅና ካይኔዙን ሥራ ያስፈታዋል። ቅብብሎሹ መሐል ላይ ተቆረጠ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ይህ የታየው በቤተ ሙከራ ሕዋሶች ላይ ነው፤ የይፋጉ ወንድም የታመመው በአይራክ ጂኑ የተነሣ ነው ብለን እንድንናገር አይፈቅድልንም። አይራክ-4 የጎደላቸው ሕፃናትም ዋናው ችግራቸው መግል አምጪ ባክቴሪያ ነው እንጂ ካላዛር አይደለም። የመታመም ዕድልን በሚመለከት፣ በሕንድና በብራዚል ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናት ጎልቶ ያገኘው በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ሌላ የመከላከያ ጂኖች መንደርን ነው። የምግብ እጥረት፣ ኤችአይቪና ዕድሜም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለተማሪያችን የምንሰጠው ሐቀኛ መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሁለታችሁ አንድ ጥላ ብትጋሩም አንድ ሰውነት አልተጋራችሁም፤ ልዩነታችሁ የት ላይ እንደሆነ የሚጠቁም ፍንጭ አለ፤ ፍንጩ የተገኘው ግን በሌላ አገር ሰዎች ደም ነው።

«መጀመሪያ አጎበር» ለሚሉን

ይህን አሳብ ለባልደረቦቻችን ባነሣንላቸው ጊዜ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞናል። «ጤና ጣቢያው መብራት ሳይኖረው፣ እረኛው አጎበር ሳያገኝ ስለ ጂን ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉናል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ ከፊሉንም እንቀበለዋለን። መመርመሪያው፣ መድኃኒቱና ምግቡ ይቅደም። ነገር ግን ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማየት ስሕተት መሆኑን የሚያሳይ ምስክር በገዛ አገራችን አለ።

በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ የሚይዘው፣ በተለምዶ ዝሆኔ ከምንላቸው የእግር እብጠቶች አንዱ የሆነው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በጫማ ሊከላከሉት የሚቻል በሽታ ነው። ያም ሆኖ በአንድ መንደር ባዶ እግሩን ከሚሄደው ሰው ሁሉ የሚታመመው ከፊሉ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለ ከባልደረቦቹ ጋር ከወላይታ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አጥንቶ፣ ከመከላከያ ጂኖች ጋር ያለውን ቁርኝት እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳተመ። ይህ ግኝት ጫማን አላስቀረም። እንዲያውም በሽታውን የእርግማን ወይም የዘር ነቀፋ ከማድረግ ይልቅ አፈሩና ሰውነት ሲገናኙ የሚሆን ነገር መሆኑን ለማስረዳት የሚያገለግል እውቀት ሰጠን። ከእርሱ በፊትም አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ወንዝ ዳር፣ እናቶች ልብስ ሲያጥቡበት ያየውን እንዶድ ይዞ ወደ ቤተ ሙከራ ሲገባ ጥያቄውን የወሰደው ከቀዬው ነበር።

የመሠረታዊ ምርምር ፍሬ ከየት እንደሚበቅል አስቀድሞ ማወቅም አይቻልም። ፎስፌት የፕሮቲን ማብሪያ ማጥፊያ መሆኑን በ1950ዎቹ አጋማሽ ያገኙት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ሲመረምሩ የነበረው ጡንቻ ስኳሩን እንዴት እንደሚጠቀም ነበር። በ1992 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ከእነርሱ ሥራ የበቀለው እውቀት ወደ ካላዛር ራሱ ተመልሷል፤ የስኮትላንዱ የደንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳወቁት፣ የጥገኛውን የራሱን አንድ ካይኔዝ በመምታት አይጦችን ከበሽታው የሚፈውስ ውሑድ ተገኝቷል። የእኛም አገር ከዚህ ሥራ ባዕድ አይደለም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሌይሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል አለ፤ የካላዛር መድኃኒቶችም ይሞከሩበታል። የጎደለው በዚያ ማዕከልና በእኛ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሒሳብ ክፍሎች መካከል የሚመላለስ ሰው ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በይፋግ አካባቢ የሆነውን ደግመን እናስበው። ጥገኛው በሕዋስ ውስጥ እሪታውን አፈነ። በመንደር ውስጥ ደግሞ «ትኩሳት ከሆነ ወባ ነው» የሚለው ልማድ ሁለተኛውን እሪታ አፈነ። ሦስተኛው አፈና የእኛ ነው፤ ጥያቄ ይዞ የመጣን ተማሪ «ይህ የእኛ ክፍል አይደለም» ብለን ስንመልሰው፣ ከቀዬው ወደ ቤተ ሙከራ የሚሻገረውን ቅብብሎሽ ቆርጠናል። የመጀመሪያውን አፈና የሚፈታው ረጅም ምርምር ነው። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን ነገ መፍታት ይቻላል።

ስለዚህ ለሳይንስ ፋኩልቲዎቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ስለ ሕዋስ ኢነርጂና መልእክት የሚማሩበት የጋራ ኮርስ ይኑር፤ ምሳሌውም ከሩቅ አገር ሳይሆን ከካላዛርና ከወባ ይወሰድ። ሁለተኛ፣ ከአካባቢያችን ሰዎች የተወሰደ ደም ለምርምር ወደ ውጭ ሲሄድ ሥራውን ተምሮ የሚመለስ አንድ ወጣት አብሮ መሄዱ የስምምነቱ አካል ይሁን። ደሙ ሄዶ እውቀቱ ካልተመለሰ የተማሪያችን ጥያቄ ለሌላ ትውልድ ይተርፋል። ሦስተኛ፣ ይህን ሁሉ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን እንጻፈው። የይፋግ እናት «ካይኔዝ» የሚለውን ቃል ባታውቀው ምንም አይደለም፤ እሪታውን ግን ታውቀዋለች።

ለእናንተ ለተማሪዎች ደግሞ ቀላል የክረምት ሥራ አለን። ወደየቀያችሁ ስትሄዱ ይህን አንድ ነገር ለዘመድ ለጎረቤት አስረዱ፦ ትኩሳት ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከግራ ጎድን ሥር ጣፊያ አብጦ ሆድ ከተነፋና ሰውነት ከከሳ፣ የወባ መድኃኒት እየደጋገሙ መዋጥ ትቶ ለካላዛር ምርመራ ወደሚያደርግ ሆስፒታል ፈጥኖ መሄድ ይገባል። በሽታው መድኃኒት አለው፤ የሚገድለው መዘግየቱ ነው። ለዚህ ምክር ዶክትሬትም ቤተ ሙከራም አያስፈልግም።

ያ ተማሪ ተመርቆ ሄዷል፤ የት እንዳለ አናውቅም። ይህች መጽሔት ከእጁ ከገባች ይቅርታችንን ይቀበለን። እኛም ከዚያ ወዲህ ከክፍል ስንወጣ በበሩ ላይ ትንሽ መቆም ጀምረናል፤ ከተማሪ የሚመጣ ጥያቄ የየትኛውም ክፍል ቢሆን «የእኛ አይደለም» ብለን አንመልሰውም።